የተሻረው አንቀጽ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፤ የጾታ እኩልነት በሕግና በንግድ ማስታወቂያ

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ የሚኖራቸውን ደረጃ ሲደነግግ ቃሉን አላድበሰበሰም። አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ከሠየመ በኋላ፣ ሚስት እርሱ በሚያዛት ሕጋዊ ነገር ሁሉ የመታዘዝ ግዴታ እንዳለባት ይገልጻል። አንቀጽ 641 የጋራ መኖሪያውን የመምረጥ ሥልጣን ለባል ይሰጣል። አንቀጽ 644 ባል ሚስቱን የመጠበቅ ግዴታ አለበት ካለ በኋላ፣ ለትዳሩ ጥቅም እስከሆነ ድረስ ግንኙነቷን እንዲከታተልና አኗኗሯን እንዲመራ ይፈቅድለታል። አንቀጽ 646 ደግሞ ባል ለሚስቱ አገልጋይ ሊቀጥርላት የማይችል በሆነ ጊዜ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድዳል። የጋብቻ ዕድሜም በአንቀጽ 581 መሠረት ለወንድ 18 ዓመት፣ ለሴት 15 ዓመት ነበር።

እነዚህ ድንጋጌዎች ዛሬ የሕግ ታሪክ ሆነዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ወንድና ሴት ጋብቻ ሲመሠርቱ፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ሲያረጋግጥ፣ በአንቀጽ 35 የሴቶችን መብት ለይቶ ዘርዝሯል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጓል፤ የቤተሰቡንም አመራር ለባልና ለሚስት በእኩልነት ሰጥቷል። ብዙዎቹ ክልሎችም በዚሁ መንፈስ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። መታዘዝ የሚለው ቃል ከትዳር ሕግ ወጥቷል፤ አንቀጽ 646ም አብሮ ተሽሯል።

ይሁን እንጂ ሕግ ሲሻር በቅድሚያ የሚሻረው ቃሉ ነው። በቃሉ ውስጥ ይኖር የነበረው ልማድ ሌላ መጠጊያ ይፈልጋል። ያ ልማድ ከተጠጋባቸው ስፍራዎች አንዱና በየዕለቱ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው የንግድ ማስታወቂያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕጉንና የማስታወቂያውን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ለትምህርት ቤት ምን ማለት እንደሆነም ማሳየት ነው። በ8ኛ ክፍል የእኩልነትን አንቀጽ አጥንታ ፈተና የምታልፍ ልጃገረድ፣ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የሚቀበላት ሰሌዳ ተቃራኒውን የሚያስተምራት ከሆነ፣ የትኛው ትምህርት እንደሚያሸንፍ መጠየቅ ለመምህሩም ለዕቅድ አውጪውም ተገቢ ጥያቄ ነው።

ማስታወቂያው የሚናገረው ለማን ነው?

የአማርኛ ቋንቋ በዚህ ረገድ ለተመራማሪ የተመቸ ነው። አንድን ሰው በነጠላ ሲጠሩት ግሡ ጾታውን ሳይገልጽ አያልፍም፤ «ግዛ» ያለ ለወንድ፣ «ግዢ» ያለ ለሴት ተናግሯል። ስለዚህ ማስታወቂያ ጸሐፊው ስለ ዕቃው አንድ ቃል ከመናገሩ አስቀድሞ፣ ዕቃው የማን እንደሆነ መወሰን ይኖርበታል። የልብስ ሳሙናው፣ የምግብ ዘይቱና የሕፃናት ወተቱ በ«አንቺ» ወይም «እናቶች» በሚል ጥሪ ሲቀርቡ፣ ሲሚንቶው፣ የመኪና ዘይቱና ብድሩ በ«አንተ» ሲነገሩ፣ ሰሚው የሥራ ክፍፍሉን የተቀበለው ከሐሳቡ ሳይሆን ከግሡ ቅጥያ ነው። አንድም ክርክር አልቀረበለትም፤ ስለዚህም የሚቃወመው ነገር ያገኘ አይመስለውም።

የሕግ አማርኛ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። በብዙ አዋጆች የትርጓሜ ክፍል ውስጥ፣ በወንድ ጾታ የተገለጸው የሴትንም ጾታ እንደሚያካትት የሚደነግግ ሐረግ ይገኛል። ሕጉ በወንድ አነጋገር እየጻፈ ሴቲቱን በአንድ ሐረግ ያስገባታል። ይህ አሠራር እንከን የለበትም ማለት አይቻልም፤ ሴቲቱ የምትገኘው በተጨማሪነት ነውና። ቢሆንም የሕጉ አሳብ መብቱን ለሁለቱም ማዳረስ ነው። ማስታወቂያው ግን በተቃራኒው አነጋገሩን ለሁለት ይከፍላል፤ የማጠቢያውን ገበታ ለአንዷ፣ የመሠረት ድንጋዩን ለሌላው ያድላል።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ከቋንቋው ውጭ የሚፈለግ አይደለም። የአክብሮቱ «ይግዙ»፣ «ይጠቀሙ»፣ «ይቆጥቡ» እና የብዙ ቁጥሩ «ግዙ»፣ «ቆጥቡ» ጾታ አይለዩም። በእነዚህ የሚጠቀሙ ማስታወቂያዎችም ብዙ ናቸው። ይህ በራሱ ግን አይበቃም፤ ቃሉ ዝም ያለውን ሥዕሉ ይናገረዋልና። «ይጠቀሙ» የሚለው ድምፅ ሲሰማ በመስኮቱ የምትታየው ሁልጊዜ እጅጌዋን የሰበሰበች ሴት ከሆነች፣ አክብሮቱ የሰዋስው እንጂ የሐሳብ እኩልነት አይሆንም።

ሥዕሉ የሚናገረው

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ኤርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ መልክ ባወጣው የማስታወቂያ ሥዕሎች ጥናት፣ ትኩረቱን ያሳረፈው ማንም ልብ በማይላቸው ጥቃቅን ነገሮች ላይ ነው። ማን ከማን ከፍ ብሎ ይታያል? ማን ያስረዳል፣ ማንስ ያዳምጣል? የማን እጅ ዕቃውን ጨብጦ ይሠራበታል፣ የማንስ እጅ ዳሰስ አድርጎት ብቻ ያልፋል? ጎፍማን እንደሚለው ማስታወቂያ በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለውን የደረጃ ልማድ ፈልስፎ አያመጣውም፤ ነገር ግን ያንን ልማድ ከዕለት ኑሮ መካከል መርጦ፣ አጥርቶና አጉልቶ መልሶ ያሳየዋል።

ይህ የአመለካከት ዘዴ በኢትዮጵያ ማስታወቂያዎች ላይ ሲሞከርም ብዙ ነገር ይገልጣል። ብዙዎች የሚያውቁትን የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ ዓይነት ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ልጅ በጭቃ ተጨማልቆ ይገባል፤ እናት ትደነግጣለች፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ወይም ከበስተጀርባ በድምፁ ብቻ የሚታወቅ ወንድ የሳሙናውን ኃይል ያስረዳታል፤ ልብሱ ይነጣል፤ እናት ትስቃለች። በዚህ አጭር ትዕይንት ውስጥ ሥራው የሴቲቱ ነው፤ ስለ ሥራው ያለው ዕውቀት ግን የወንዱ ነው። ልብስ በማጠብ ዘመኗን ያሳለፈች ሴት፣ አጥቦ ከማያውቅ ሰው ስለ አጠባ ምክር ትቀበላለች። የምግብ ማጣፈጫውም ማስታወቂያ ከዚህ አይርቅም፤ ወጡን የምትሠራው ሴት ብትሆንም ጣዕሙ የሚጸድቀው ባል ከሥራ ተመልሶ በቀመሰው ጊዜ ነው። አንቀጽ 646 እና አንቀጽ 635 በዚህ ማዕድ ዙሪያ እንደገና ተገናኝተዋል፤ አንደኛው ሥራውን ሰጥቷታል፣ ሁለተኛው ፈራጁን ሠይሟል።

በእንዲህ ያለው ማስታወቂያ ውስጥ ስድብ የለም። ሴቲቱ ንጹሕና ደስተኛ ሆና ትታያለች፤ ትመሰገናለችም። ጉዳቱ ያለው በአንዱ ማስታወቂያ ሳይሆን በድግግሞሹ ነው። አንድ ሰሌዳ ብቻውን ሲታይ የአንድን ቤት ኑሮ ያሳያል፤ መቶ ሰሌዳ በአንድነት ሲታይ ግን ሕግ ያወጣል። በመቶዎቹም ውስጥ የሚቀርበው ተስፋ አንድ ዓይነት ነው፤ ሳሙናው የሴት ልጅን ድካም ያሳጥርላታል ይባላል፣ ወንድሟ ድካሙን ይካፈላታል ግን አይባልም። ለመምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሴት ተማሪ ከቤት ሥራ ብዛት የተነሣ የጥናት ሰዓት እንደምታጣ በክፍል ውስጥ በየዕለቱ ይታያልና።

ሕግና ማስታወቂያ የተገናኙባቸው ስፍራዎች

ሕግ ማስታወቂያን በቀጥታ የነካው በመጀመሪያ በንግድ ዕቃ ሳይሆን በሥራ ቅጥር በኩል ነው። በአሜሪካ የፒትስበርግ ከተማ ይታተም የነበረ አንድ ጋዜጣ የሥራ ማስታወቂያዎችን «የወንድ ሥራ» እና «የሴት ሥራ» በሚሉ ዓምዶች ከፍሎ ያወጣ ነበር። የከተማው ደንብ ይህን በመከልከሉ ጋዜጣው የፕሬስ ነጻነቴ ተነካ ሲል ተከራከረ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1973 በ5 ለ4 ድምፅ ደንቡን አጸናው፤ አድልዎው ራሱ ሕገ ወጥ ከሆነ፣ ለአድልዎው የሚያገለግል የማስታወቂያ ዓምድም ጥበቃ አይገባውም አለ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የጾታ አድልዎ ሕግም፣ ወንድን ብቻ ወይም ሴትን ብቻ በሚያመለክት መጠሪያ የተጻፈ የሥራ ማስታወቂያ ተቃራኒው በግልጽ ካልተነገረ በቀር አድልዎ ለማድረግ ታስቦ እንደወጣ እንዲቆጠር ደንግጓል። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የእኩልነት ሕግ ተተክቷል።

ከሥራ ቅጥር ወደ ዕቃ ማስታወቂያ ሲኬድ ጉዳዩ ይወሳሰባል። ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2019 ጀምሮ በብሪታንያ የማስታወቂያ ሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ የገባ አንድ ድንጋጌ፣ ጉዳት ወይም ከባድ ቅሬታ ሊያስከትል የሚችልን የተለመደ የጾታ ሚና አሳይቶ ማስተዋወቅን ይከለክላል። ደንቡ ሴት ስትገዛ ወይም ወንድ ሲጠግን ማሳየትን አላገደም። ያገደው፣ ለምሳሌ ቤተሰቡ ቤቱን ሲያዝረከርክ አባት እግሩን ሰቅሎ ተቀምጦ እናት ብቻዋን የምታጸዳበትን፣ ወይም ወንድ በወንድነቱ ብቻ የሕፃን ሽንት ጨርቅ መቀየር የማይሆንለት ተደርጎ የሚቀርብበትን ትዕይንት ነው።

በዚህ ደንብ መሠረት በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማስታወቂያዎች ታገዱ። አንደኛው የፎልክስዋገን መኪና ማስታወቂያ ሲሆን፣ ወንዶችን በጠፈር ላይና በስፖርት ሜዳ ሲያሳይ፣ ሴትን ግን በሕፃን ጋሪ አጠገብ አስቀምጧል። ሁለተኛው የፊላደልፊያ አይብ ማስታወቂያ ነው፤ ሁለት አባቶች በምግቡ ተማርከው ሕፃናታቸውን የምግብ ማመላለሻ ቀበቶ ላይ ሲረሱ ያሳያል። አምራቹ ሁልጊዜ እናትን ከልጅ ጋር የማሳየትን ልማድ ለማስወገድ ሲል ሆን ብሎ አባቶችን እንደመረጠ ተከራክሯል። ፍርዱ ግን አባትን ልጅ መጠበቅ የማይችል አድርጎ ማቅረብ ያው የድሮው ሚና መሆኑን አሳየ። ይህ ውሳኔ የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር አለ። ሴትን ከጓዳ ማውጣት ብቻውን እኩልነት አይደለም፤ ወንድንም ጓዳ ለመግባት የማይበቃ አድርጎ መሳል ሴቲቱን መልሶ ወደ ጓዳ መላክ ነው።

በኢትዮጵያ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በጉዳዩ ላይ ዝም አላለም። የሰውን ክብርና እኩልነት በጾታ ምክንያት የሚጥስ ምስል፣ ንግግር ወይም ንጽጽር የያዘን ማስታወቂያ፣ እንዲሁም የጾታ እኩልነትን የሚያጓድልና የሴቶችን ክብርና ሰብዓዊ መብት ችላ የሚልን ማስታወቂያ ከሕግና ከመልካም ሥነ ምግባር ውጭ አድርጎ ይቆጥራል። ይህ ድንጋጌ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ሁለት ጉድለቶች ይታዩበታል። የመጀመሪያው፣ አነጋገሩ በክብር መነካት ላይ ያተኮረ በመሆኑ የሚሰድበውን ማስታወቂያ እንጂ የሚያመሰግነውን ለመያዝ አይመችም፤ ከላይ የተገለጸችው ፈገግተኛ አጣቢ ክብሯ አልተነካም ሊባል ይችላልና። ሁለተኛው፣ ስለ ክብር ሲናገር ሴቶችን ለይቶ ሲጠራ፣ ማስታወቂያ በአባትነት ላይ የሚያደርሰውን መጣመም በስም አያነሣም።

ሕግ በማስታወቂያ ላይ አቅም የለውም የሚል አስተያየትም አያስኬድም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከራዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ ተደርጓል። ዕቃን መከልከል ግን ሚናን ከማረም ይቀልላል። የቢራው ማስታወቂያ ሲወጣ፣ በውስጡ የነበረው የወንዶች ፈንጠዝያና የሴት አሳላፊነት በሌሎች ዕቃዎች ማስታወቂያ ውስጥ ሊቀጥል ይችላል።

የመስተዋቱ ክርክር

ማስታወቂያ ሠሪዎች ዘወትር የሚያቀርቡት መከላከያ፣ ማስታወቂያ የኅብረተሰቡ መስተዋት ነው የሚል ነው። በኢትዮጵያ ቤቶች ልብስ የሚያጥቡትና ምግብ የሚያበስሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ያንን ማሳየት እውነትን ማሳየት ነው ይላሉ። ክርክሩ በከፊል እውነትነት አለው፤ ስለዚህ በጥሞና ሊመለስ ይገባዋል።

መስተዋት ስለሚያሳየው ነገር ገንዘብ አይከፈለውም። ማስታወቂያ የሚከፈለው የሰውን ልማድ ለመለወጥ ነው፤ ትናንት በአመድ ያጠበው ዛሬ በዱቄት ሳሙና እንዲያጥብ፣ ትናንት በትራሱ ሥር የቆጠበው ዛሬ በባንክ እንዲቆጥብ። ስለ ሳሙናው ሲጠየቅ ልማድን እለውጣለሁ፣ ስለ ጾታ ሲጠየቅ ደግሞ አሳያለሁ እንጂ አልለውጥም ማለት ከአንድ አንደበት የማይወጡ ሁለት ቃላት ናቸው። በተጨማሪም መስተዋቱ ራሱ መራጭ ነው። ከመንጋቱ በፊት ተነሥታ እንጀራዋን ጋግራ ገበያ የምታወጣ፣ የሰፈሩን ዕቁብ የምትሰበስብ፣ በግንባታ ሥፍራ ድንጋይና አሸዋ የምታመላልስ ሴት በየከተማው አለች፤ በሲሚንቶ ማስታወቂያ ላይ ግን እምብዛም አትታይም። ልጁን አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ አባትም አለ፤ በሕፃናት ወተት ማስታወቂያ ላይ ግን ቦታው አነስተኛ ነው። እንግዲህ መስተዋቱ ከእውነታው የሚያሳየው የተሻረውን ሕግ የሚመስለውን ወገን ነው።

የመምህሩና የዕቅድ አውጪው ድርሻ

ሕግ እያንዳንዱን መጥረጊያ በየማስታወቂያው ሊቆጥር አይችልም፤ ሊቆጥር ቢሞክርም የሐሳብ ነጻነትን ይነካል። ሕግ የሚያቆምበት ስፍራ ላይ ትምህርት ይጀምራል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያጸደቀችው በሴቶች ላይ የሚደረጉ መድልዎችን ለማስወገድ የወጣው ስምምነት በአንቀጽ 10፣ ከመማሪያ መጻሕፍት የተዛባው የወንድና የሴት ሚና እንዲወገድ ያዛል። የአፍሪካ ሴቶችን መብት የሚመለከተው የማፑቶ ፕሮቶኮልም በአንቀጽ 12 የመማሪያ መጻሕፍትን፣ ሥርዓተ ትምህርትንና መገናኛ ብዙኃንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያነሣቸዋል። ሦስቱ በአንድነት መጠራታቸው ተገቢ ነው፤ ልጁ ከሦስቱም ይማራልና። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ኅብረተሰቡ ስለ ሴቶች ሚናና አስተዋፅኦ ያለውን አመለካከት በትምህርት አማካይነት ማቃናትን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ነበር።

በክፍል ውስጥ ይህን ለመፈጸም አዲስ የትምህርት ዓይነት አያስፈልግም። የአማርኛ መምህር አንድን የራዲዮ ማስታወቂያ ጽፎ በሰሌዳ ላይ በማውጣት ተማሪዎቹ የግሦቹን ጾታ እንዲለዩ፣ ከዚያም ወደ አክብሮት ወይም ወደ ብዙ ቁጥር እንዲለውጡ ሊያደርግ ይችላል፤ ሰዋስውም ሥነ ዜጋም በአንድ ጊዜ ይጠናሉ። የሒሳብ መምህር ተማሪዎች በአንድ ሳምንት ከሰሟቸው ማስታወቂያዎች ውስጥ የሚያስረዳው ድምፅ ስንት ጊዜ የወንድ፣ ስንት ጊዜ የሴት እንደሆነ ቆጥረው በመቶኛ እንዲያወጡ ሊያዝ ይችላል። የሥነ ዜጋ መምህር ደግሞ የመለዋወጥ ፈተና ሊያደርግ ይችላል፤ የሴቲቱን ስፍራ ለወንድ፣ የወንዱን ለሴት ሰጥቶ ትዕይንቱን ማንበብ። ተለዋውጦ የሚያስቅ ማስታወቂያ፣ ሳይለዋወጥም ሊመረመር ይገባው ነበር። የክፍት ሥራ ማስታወቂያም ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው፤ «ጾታ፦ ሴት»፣ «ጾታ፦ አይለይም» እና «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የሚሉት ሦስት አነጋገሮች ሦስት የተለያዩ የሕግ አሳቦችን ይይዛሉ፤ ጸሐፊ ሲፈለግ ለምን ሴት፣ የጥበቃ ሠራተኛ ሲፈለግ ለምን ወንድ እንደተባለ ማንኛውም የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሊጠይቅ ይችላል።

በዚህ ሁሉ መምህሩ አንድ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። ከተማሪዎቹ የብዙዎቹ እናቶች ልብስ ያጥባሉ፣ ምግብ ያበስላሉ፤ ከእነርሱም መካከል ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ሥራ ተቀጥረው ያሉ አሉ። ሂሱ ሥራውን የሚያዋርድ መስሎ ከቀረበ ትምህርቱ ልጁን በእናቱ ያሳፍረዋል። የሚነቀፈው ሥራው ሳይሆን ሥራው ለአንድ ወገን ብቻ መታደሉ፣ የሠሪዋም ዕውቀት ለሌላ መሰጠቱ ነው።

ከዕቅድ አውጪው የሚጠበቀው ደግሞ መለኪያውን ማጥበቅ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ሲገመገሙ የወንድና የሴት ስሞችና ሥዕሎች ቁጥር መመጣጠኑ ብዙ ጊዜ እንደ በቂ ማስረጃ ይወሰዳል። ቁጥሩ ተመጣጥኖ ሳለ ግን ሴቶቹ ሁሉ የሚያዳምጡ፣ ወንዶቹ ሁሉ የሚያስረዱ ሊሆኑ ይችላሉ። መለኪያው ማን አለ ከሚለው አልፎ ማን ምን ያደርጋል፣ ማንስ ማንን ያስተምራል ወደሚለው መድረስ ይኖርበታል። የትምህርት ተቋማት ራሳቸው የሚያወጧቸው ማስታወቂያዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። የብየዳ ሥልጠናን በወንድ፣ የልብስ ስፌትን በሴት ሥዕል የሚያስተዋውቅ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ፣ ማመልከቻው ገና ሳይሞላ ምርጫውን ሠርቶ ጨርሷል። የማስታወቂያው አዋጅ በመመሪያ ሲብራራም የነጠላውን ማስታወቂያ ስድብ ብቻ ሳይሆን የተደጋገመውን ሚና የሚመዝን፣ የእናትንም የአባትንም ምስል የሚጠብቅ መስፈርት ቢታከልበት፣ ሂሱ ከክፍል ውስጥ ወደ ገበያው ሊደርስ ይችላል።

አንቀጽ 646 ከተሻረ በኋላ የተወለደ ትውልድ ዛሬ ራሱ ትዳር መሥርቶ ልጆች ያሳድጋል። ይህ ትውልድ አንቀጹን አላነበበውም፤ ቢያነብበው ግን እንግዳ አይሆንበትም፤ ይዘቱን በየሰሌዳው አጥንቶታልና። ትምህርት ቤት ይህንን ሁለተኛ ንባብ ለማረም የሚያስፈልገው መሣሪያ በእጁ አለ፤ ጠመኔው፣ ግሡና በመንገድ ላይ በነጻ የሚገኘው ማስታወቂያ።